ኒሻኑን ገልብጡት

ነገሩ የተጀመረው ቡራዩ ነው። ከመካከላችን የአንዱ አያት የድሮ የብስኩት ቆርቆሮ ከፍተው፣ በክርና በቁልፍ መሀል የተቀመጠ ክብ ነሐስ አወጡልን። «የአያትህ ነው፤ የኮሪያ» አሉ። ሌላ አልጨመሩም።

ገልብጠን ስናየው ጽሑፉ አማርኛ! ገረመን። ለካስ የተባበሩት መንግሥታት የኮሪያ ሜዳሊያ በዘማቾቹ አገሮች ቋንቋዎች ነው የተሠራው፤ አማርኛም አንዱ ነበር። የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ከአዲስ አበባ የተነሳው በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ነው። በዘመቻው ከ120 በላይ ኢትዮጵያውያን ወደቁ፤ የተማረከ ግን አንድም አልነበረም።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ቆርቆሮ ማስከፈት ሥራችን ሆነ። ቅዳሜ ቅዳሜ በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉትን ከተሞች እንዞራለን። አካባቢው ለወታደር ታሪክ እንግዳ አይደለም። በቡራዩ የሚያልፈው መንገድ ሆለታ ያደርሳል፤ በስዊድን መኮንኖች የሚሠለጥንበት የገነት ጦር ትምህርት ቤት በ1927 ዓ.ም. የተከፈተው እዚያ ነው።

በውጭ አገር ይህን ሥራዬ ብለው የያዙ አሉ። የስኮትላንድ ክፍለ ጦሮችን የቆብ አርማ የሚሰበስቡ ሰዎች ፊቱን ብቻ አይተው አይተዉትም፤ ይገለብጡታል። ጀርባው ላይ የሠሪው ስም ሊኖር ይችላል። ብር ከሆነ ደግሞ የተፈተሸበት ከተማ ምልክት አለው፤ የኤድንብራ ግንብ ነው፣ የበርሚንግሃም መልሕቅ። የእኛም ኒሻኖች ጀርባ አላቸው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ከተሠሩት መካከል የአዲስ አበባው አርመናዊ ጌጣጌጥ ሠሪ የሴቫጂያን ስም ያለባቸው አሉ፤ የለንደኑ የማፒን ኤንድ ዌብም እንዲሁ።

ፊቱም ቢሆን ዘመን ይናገራል። ደርግ በ1967 ዓ.ም. ከሰንደቅ ዓላማው አንበሳ ላይ ዘውዱን አነሳ፤ የያዘውንም መስቀል በጦር ጫፍ ቀየረው። ሰበታ ያየነው የቆብ አርማ አንበሳም ዘውድ የለውም። ግን ሲሠራ ነበረው፤ በሞረድ ተፍቋል። ባለቤቱ ፈርተው ይሁን ታዘው? ልጃቸው «አባባ ስለሱ ማውራት አይወዱም ነበር» ብቻ አሉን።

ሱሉልታ ያገኘነው ደግሞ ጥብጣቡን ነው። ብሩ በክፉ ቀን ለአንጥረኛ ተሽጧል። ልንቆጣ ስንል «ልጆቼን ያበላሁበት ነው» ተባልንና አፈርን። እውነት ነው፤ ማንን እንወቅሳለን?

ሦስቱም ላይ አንድ ነገር ይጎድላል፤ የባለቤቱ ስም። ፊቱ መንግሥቱን ይነግረናል፣ ጀርባው ሠሪውን። ማን ደረቱ ላይ እንዳደረገው የሚያውቁት ግን አያቶቻችን ናቸው፤ እነሱም እያለቁ ነው። ኒሻን ከቤት ወጥቶ የሱቅ መስታወት ውስጥ ሲገባ ዋጋ ያገኛል፣ ሰውየውን ግን ያጣል።

ስለዚህ ወዳጆቻችን፣ እናንተም ቆርቆሮውን አስከፍቱ። ኒሻኑን በአሸዋ ወይም በሎሚ አትፈትጉት፤ ምልክቱን ታጠፉታላችሁ። ፊቱንም ጀርባውንም ፎቶ አንሱ። የማን እንደነበር፣ በየትኛው ጦር እንዳገለገለ፣ ማን እንደነገራችሁ በወረቀት ጻፉና አብራችሁ አስቀምጡ።

እኛ ከቡራዩው ጀምረናል። እማማ የባለቤታቸውን ስም እስከ አያት ነገሩን፣ ጻፍነው። ቆርቆሮውን ሊከድኑ ሲሉ ግን ቆም አሉና «እስቲ አንዴ አንብቡልኝ» አሉን።