«አለቀ» እና «አረጀ»፤ የልም አጥንት ሕዋስ እርጅና በአማርኛ

የሕክምና ጽሑፍ ወደ አማርኛ ሲመለስ አብዛኛው ድካም በስያሜዎች ላይ ይውላል፤ ግሡ ችላ ይባላል። የመገጣጠሚያ ልም አጥንት ሕዋሳት እርጅና የተጠናበት ታሪክ ግን የግሥ ምርጫም የቱን ያህል ጥንቃቄ እንደሚያሻው ያስረዳል።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደው መንገድ ቁልቁለት ነው፤ በዕድሜ የገፋ ሰው የጉልበቱ ሕመም የሚብስበትም በቁልቁለት ነው። በሽተኛው «ጉልበቴ አለቀ» ሲል፣ «ጉልበት» የእግር መታጠፊያም ኃይልም ስለሆነ አነጋገሩ ሁለት ፍች አለው። ሐኪሙ «ልም አጥንቱ አልቋል» ብሎ ከመለሰለት ነገሩ በጋራዥ ስላለቀ ኩሽኔታ ከሚነገረው አይለይም። ያለቀ ኩሽኔታ ይጣላል፤ በሽተኛውም የቀረው እንዳያልቅበት ሰግቶ መንቀሳቀሱን ይተዋል።

የአውሮፓ ሳይንስም ከዚህ አስተያየት የወጣው ቀስ በቀስ ነው። ዊልያም ሃንተር በ1743 እ.ኤ.አ. ልም አጥንት አንድ ጊዜ ከጠፋ እንደማይመለስ ጻፈ። ሊዮናርድ ሄይፍሊክና ፖል ሙርሄድ በ1961 እ.ኤ.አ. ከጽንስ የተወሰዱ የሰው ሕዋሳት ቁጥራቸው 50 ጊዜ ያህል እጥፍ ከሆነ በኋላ መከፈላቸውን እንደሚያቆሙ፣ ወዲያው ግን እንደማይሞቱ አሳዩ። ማርቲንና ባክዎልተር በ2001 እ.ኤ.አ. ይኸው የእርጅና ምልክት በአረጋውያን የልም አጥንት ሕዋሳት ላይ እንደሚበረክት ገለጹ። እንዲህ ያለው ሕዋስ ለእድገት መልእክት የሚሰጠው ምላሽ ይደክማል፤ ኮላጅንን የሚያፈርሱ ኤንዛይሞችንና ብግነት ቀስቃሽ ንጥረ ነገሮችንም ያመነጫል።

ታዲያ በየትኛው ግሥ እንግለጸው? «ሞተ» አይሆንም፤ ሕዋሱ በሕይወት አለና። «አለቀ» የዕቃ ነው። «ሸመገለ» አክብሮት ቢኖረውም ሽማግሌ ጠብ ያበርዳል፤ ይህ ሕዋስ ግን ጎረቤቶቹን ያውካል። «ጃጀ» የአእምሮን መድከም ያስታውሳል፤ ንቀትም አለበት። ተስማሚው «አረጀ» ነው፤ ሕይወትን ሳይክድ መድከምን ይናገራልና። «ሕዋስ» የሚለው ቃልም ይህን ይደግፋል። በግእዝ የማያ፣ የመስሚያና የመዳሰሻ ስም ነበር፤ ዘመናዊውን ፍች ያገኘው ኋላ ነው። በእርጅና የሚደክመውም አንዱ ይኸው መልእክትን የመቀበል ችሎታ ነው።

ስለዚህ ልም አጥንቱ ጨርሶ ካልጠፋ በቀር ለበሽተኛ በሚዘጋጅ ጽሑፍ «ልም አጥንቱ ሳስቷል፤ ሕዋሳቱ አርጅተዋል» ማለት ይሻላል። ልም አጥንት የደም ሥር የለውም፤ ምግቡን የሚያገኘው መገጣጠሚያው ሲንቀሳቀስ ከውስጡ ፈሳሽ ነው። «አለቀ» የተባለ ሰው ይቀመጣል፤ «አረጀ» የተባለ ግን በልኩ ይራመዳል።