የእንጨት እንስሶች ምስክርነት

ታሪክ በነገሥታት ዜና ብቻ አይገኝም፤ የልጆች መጫወቻም ይመሰክራል። ጀርመን አገር የተወለደው አልበርት ሾንሁት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1872 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በፊላዴልፊያ ከተማ የመጫወቻ ፋብሪካ አቋቋመ። ፋብሪካው በ1903 የእንጨት ሰርከስ ለገበያ አወጣ። የዝሆኑና የአህያው እግር ከገላቸው ጋራ በላስቲክ የተያያዘ ስለ ሆነ፣ ልጁ እንዳሻው ያቆማቸዋል፤ ያስቀምጣቸዋል፤ በርሜል ላይም ያወጣቸዋል። የመጀመሪያዎቹ እንስሶች ዓይናቸው የብርጭቆ ነበረ፤ ኋላ ግን በቀለም ብቻ ተሣለ። በ1920ዎቹም አነስ ያሉ ተሠሩ። ፋብሪካው በ1935 ከሰረ። ዛሬ ሰብሳቢዎች የያንዳንዱን እንስሳ ዘመን የሚለዩት በነዚህ ምልክቶች ነው። ስለዚህ አሮጌውን ዕቃ እናሳምር ብለን አዲስ ቀለም ብንቀባው ምስክሩን ዝም ማሰኘታችን እንደ ሆነ እኛ ተማሪዎች ልናስተውል ይገባናል።