ግድግዳ ለሌለው ሰው የተሰጠ ፈቃድ

የሱዳን የሽግግር መንግሥት በሐምሌ 2012 ዓ.ም. የወንጀል ሕጉን ሲያሻሽል ለ37 ዓመታት ጠብቆ የቆየ ክልከላ ላላ። የፍትሕ ሚኒስትሩ ናስረዲን አብዱልባሪ እንዳብራሩት፣ ሙስሊም ያልሆነ ሰው በግሉ አልኮል ቢጠጣ ከእንግዲህ አይቀጣም፤ ከሙስሊም ጋር ሲጠጣ ከተገኘ ግን ሊጠየቅ ይችላል። ከአራት ወር በኋላ፣ በኅዳር 2013 ዓ.ም.፣ የትግራይን ጦርነት የሸሹ ኢትዮጵያውያን በሉግዲ በኩል ወደ ገዳሪፍ ግዛት ገብተው መንደር 8 ላይ ተጠለሉ። አብዛኞቹ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ስለሆኑ አዲሱ ፈቃድ እነርሱንም ይመለከታል። የዚህ ድንበር ታሪክ እንደሚያሳየው ግን፣ የሚያሰክርና የሚያደነዝዝ ነገርን የሚመለከት ሕግ ማን እንደሚፈቀድለት ወስኖ የት እንደሚፈቀድለት ሲተው፣ ዕዳው የሚያርፈው ቤት በሌለው ላይ ነው።

ክልከላው በድንበሩ በሁለቱም ወገን የቆየ ሥር አለው። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ትምባሆን አጥብቀው ከልክለው፣ ያጤሰ ከንፈሩ፣ ሱረት የሳበ አፍንጫው እንዲቆረጥ ማዘዛቸው ይተረካል። በዚያው ዘመን በሱዳን ማህዲው ሙሐመድ አሕመድ ትምባሆንም መጠጥንም በግርፋት ከለከለ። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ የተፋለሙት ሁለት መንግሥታት በሃይማኖት ባላንጣ ቢሆኑም በትምባሆ ጉዳይ አንድ ቃል ነበራቸው። ክልከላቸው ቦታ አይለይም፤ ሰውየውን በገበያም በእልፍኙም ይከተለዋል። በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ዘመን ግን ሌላ አካሄድ መጣ፤ ከማሽላ የሚጠመቀውን መሪሳ የሚሸጡ ቤቶች ከአስተዳደሩ ፈቃድ እያወጡ ይሠሩ ነበር። ሥርዓቱ የቅኝ ገዥ ሥርዓት ነው፣ የሚወደስ አይደለም። ሆኖም ጠጪውም ሻጯም የቆሙበት ቦታ በሕግ የታወቀ ነበር።

የሱዳኑ ፕሬዚዳንት ጃዕፈር ኒሜሪ በመስከረም 1976 ዓ.ም. የሸሪዓ ሕግ አውጀው የካርቱምን መጠጥ ዓባይ ውስጥ ሲያስደፉ ያ ሁሉ አከተመ። በዓመቱ የ1977ቱ ረሃብ ያፈናቀላቸው ኢትዮጵያውያን ወደ ምሥራቅ ሱዳን ጎረፉ። ገና የወጣ የጅራፍ ሕግ ጠበቃቸው። ኒሜሪ ቢወድቁም እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው የወንጀል ሕግ ለሚጠጣ ሙስሊም 40 ግርፋት ደነገገ፤ ለነጋዴው ደግሞ እስራት ወይም መቀጮ። በዚህ ሕግ ሥር በብዛት የተያዙት ባለሀብቶች አልነበሩም። አረቄ አውጥተው ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ድሆች፣ ከእነርሱም መካከል ኢትዮጵያውያት ነበሩ።

የ2012ቱ ማሻሻያ ይህን ጭካኔ ማርገቡ አይካድም፤ ግርፋትንም ከብዙ የሕጉ አንቀጾች አውጥቷል። ችግሩ ፈቃዱ በግል ስፍራ ላይ መንጠልጠሉ ነው። መንደር 8 መጀመሪያ የታሰበው በላይኛው አትባራና ሰቲት ግድብ ለሚፈናቀሉ ሰዎች ነበር፤ ስደተኛው ሲደርስ ያገኘው ባዶ የጡብ ቤት፣ ድንኳንና የላስቲክ መጠለያ ነው፣ ያውም ከማያውቀው ቤተሰብ ጋር የሚጋራው። በዚያ ላይ የሰሜኑ ሰው ጠላውን (ትግርኛ ተናጋሪው ስዋውን) በር ዘግቶ ብቻውን አይጠጣም። የሚጠመቀው ለክርስትና፣ ለሰርግ፣ ለማኅበር፣ ለተዝካር ነው፤ ጎረቤት ይጠራበታል፣ ቄስ ይባርከዋል። ስለዚህ ፈቃዱ ለሰዎቹ ቢደርስም ለሚጠጡበት ልማድ አልደረሰም።

ይህ የሱዳን ጣጣ ብቻ አይደለም። የአሜሪካዋ ኮሎራዶ መራጮች እ.ኤ.አ. በ2012 ዕድሜው 21 የሞላ ሁሉ ካናቢስ እንዲጠቀም ፈቅደው በአደባባይ መጠቀምን ከለከሉ። ባለ ግቢው በግቢው ተጠቀመ። በፌዴራል ድጎማ ቤት የሚኖር ድሃ ግን፣ የፌዴራሉ ሕግ ዕፁን ስለሚከለክል፣ በራሱ ክፍል ውስጥ ቢጠቀም እንኳ ከቤቱ ሊባረር ይችላል። ግዛቲቱ ፈቃድ ያላቸው ማጨሻ ቤቶች እንዲከፈቱ የፈቀደችው ከዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ነው።

ሁለት ብርቱ ተቃውሞዎች አሉ። አንደኛው፣ መጠጥ በመጠለያ ሰፈር ጠብንና በሴቶች ላይ የሚደርስ ጥቃትን ያባብሳል የሚል ነው። እውነት አለው፤ ነገር ግን ተደብቆ የሚጠጣ አረቄ ይህን አደጋ ሲቀንስ አልታየም፣ የተደበደበችውም ሴት አቤት ብትል ራሷ በጠማቂነት እንዳትያዝ ትፈራለች። የታወቀ ቦታና ሰዓት ቢኖር ግን የሚጠየቅ ሰው ይኖራል። ሁለተኛው፣ ለመጠጥ ቦታ ከተከለለ ነገ ባንጎም (ካናቢስም) ቦታ ይጠይቃል የሚለው ነው። የሱዳን የ1994ቱ (እ.ኤ.አ.) የአደንዛዥ ዕፅ ሕግ በባንጎ ንግድ እስከ ሞት ይቀጣል፤ የ2012 ዓ.ም. ማሻሻያም አልነካውም። ኢትዮጵያም የራስተፈሪያን መንደር ባለባት በሻሸመኔ ሳይቀር ካናቢስን በወንጀል ሕጓ አንቀጽ 525 ትከለክላለች። ይህ መስመር እንዳለ ይቆይ፤ መከራከሪያዬ አዲስ ነገር ይፈቀድ የሚል አይደለም። በሕግ የተፈቀደው ነገር ድሃው የሚቆምበት ስፍራ ይሰጠው ነው።

ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በጦርነት ምክንያት ካርቱምን የለቀቁ ሱዳናውያን በገዳሪፍ ትምህርት ቤቶችና ሜዳዎች ተጠልለዋል። የሕጉን የግል ስፍራ ያጣው ሰው አሁን ኢትዮጵያዊው ብቻ አይደለም፤ ፈቃድ ያለውና የሌለው በአንድ ላስቲክ ሥር ያድራሉ።