ፍሬን ከየት ተነስቶ እዚህ ደረሰ?

ከጎንደር ወደ መተማ የሚወርድ የጭነት መኪና ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆነ ደጋ ተነስቶ ከ800 ሜትር በታች ወደሆነ ቆላ ይገባል። ከገላባት በገዳሪፍ አድርጎ ወደ ካርቱም ሲዘልቅ ግን አብዛኛው መንገድ ሜዳ ነው። ካላክላ ሆነን በርበሬና ቡና የምንጠብቅ ነጋዴዎች ዕቃችን በሰላም እንዲደርስ ከሞተሩ ይልቅ ፍሬኑን ማመን አለብን። እኛ «ፍሬን» የምንለው ቃል ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ ሱዳኖች «ፈራሚል» ይሉታል።

የመኪና ፍሬን መጀመሪያ ረጅም መንገድ ላይ የተፈተነው በሴት እጅ ነው። ካርል ቤንዝ ጀርመን ውስጥ መኪናውን በ1886 እ.ኤ.አ. በስሙ አስመዘገበ፤ ገዢ ግን አላገኘም። ሚስቱ በርታ ቤተሰቧ የሰጣትን ገንዘብ በሥራው ላይ አውላ ስለነበር ኪሳራው የእሷም ነበር። በነሐሴ 1888 ሁለት ልጆቿን ይዛ፣ ለባሏ ሳትነግር፣ ከማንሃይም ወደ ፎርትስሃይም ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነዳች። ቁልቁለቱ ላይ የእንጨቱ ፍሬን ተበላ። እሷም መንገድ ላይ ጫማ ሰፊ ፈልጋ ፍሬኑ ላይ ቆዳ አስመታችበት። ዛሬ «የፍሬን ሸራ» የምንለው ነገር ጅምሩ ይህ ነው።

በእንግሊዝ ሀገር ኸርበርት ፍሩድ በ1897 የፍሬን ሸራ ማምረት ጀመረ። ገበያ ላይ የምናውቀው «ፌሮዶ» የእሱ ነው። በ1902 ፈረንሳዊው ሉዊ ሬኖ ሸራው ከውስጥ ታምቡሩን ገፍቶ የሚይዝበትን ፍሬን አወጣ። በኋላ ሙቀት እንዲችል ተብሎ ሸራው በአስቤስቶስ ተሠራ፤ ብናኙ ካንሰር እንደሚያመጣ ሲታወቅ ግን ብዙ ሀገሮች ከለከሉት።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ በ1900 ዓ.ም. ከጅቡቲ መኪና ነድቶ አዲስ አበባ ለአፄ ምኒልክ አደረሰ። በዚያ ዘመን አብዛኛው መኪና የፊት ጎማው ፍሬን አልነበረውም። ፍሬኑ በብረት ዘንግና በሽቦ ስለሚሳብ አንዱ ጎማ ቀድሞ ሲይዝ መኪናው ወደ ጎን ይጎተት ነበር። በ1921 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ዱዘንበርግ የተባለው መኪና በፈሳሽ ግፊት አራቱንም ጎማ የሚይዝ ፍሬን ይዞ ወጣ።

ይህ ሁሉ ተሻሽሎም አንድ ነገር አልተለወጠም። ፍሬን የመኪናውን ኃይል ወደ ሙቀት ነው የሚቀይረው። ረጅም ቁልቁለት ላይ እግር ከፍሬን ሳይነሳ ከተወረደ ሸራው ይግላል፣ ያጨሳል፣ መያዝም ያቅተዋል። ያረጀ የፍሬን ዘይት ደግሞ ይፈላና ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። ነባር ሾፌሮች «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» የሚሉት ሞተሩ ራሱ መኪናውን ስለሚይዘውና ፍሬኑ ስለሚያርፍ ነው።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ኪራይ ስንከራከር ከዋጋው ላይ የምናስቀንሳት ገንዘብ ብዙ ጊዜ የምትወጣው ከሸራ መቀየሪያው ነው። በሂሳብ ትምህርት ይህ ትርፍ አይባልም፤ ለነገ የተላለፈ ዕዳ ነው። ቁልቁለቱ ላይ ዕዳውን የሚከፍለው ሾፌሩና ረዳቱ ናቸው፤ እነሱም እንደኛው ቤተሰብ አላቸው። ስለዚህ ዋጋ ከመነጋገራችን በፊት «ሸራው መቼ ተቀየረ?» ብለን እንጠይቅ። መልስ የሌለው መኪና ቢረክስም ይለፈን።