የፋይበርግላስ ስፖርት መኪና፦ ከካሊፎርኒያ ጋራዥ እስከ ሽንፋ ሙቀት

ሪፕሊካ መኪና ማለት ምርቱ ያበቃ ወይም ዋጋው የማይቀመስ ዝነኛ ስፖርት መኪና መልክ በሌላ ተራ መኪና ላይ እንደገና ሲሠራ ነው። ሞተሩ፣ ካምቢዮው፣ ፍሬኑና መሪው ከአሮጌ መኪና ይፈታሉ፤ ቦዲው ግን በእጅ የሚወጣ ፋይበርግላስ ነው። ከጎንደር ወደ መተማ በቅጥቅጥ የተጓዘ ሰው ነገሩ ብዙም እንግዳ አይሆንበትም። የአገር ቤት ባለሙያ ለጭነት በተሠራ የአይሱዙ ሻንሲ ላይ ላሜራ ቆርጦና በይዶ የሕዝብ ማመላለሻ ሲያወጣ የሚሠራው በመሠረቱ ይህንኑ ነው። ቅጥቅጥ ለእንጀራ ይሠራል፣ ሪፕሊካ ለፍቅሩ። ውጭ አገር ለሚኖር ሐበሻ ግን ሌላም ነገር ጎልቶ ይታየዋል፤ ሙያው በእንግሊዝና በአሜሪካ ሥር የሰደደው ገንዘብ ስለተረፈ አይደለም። ርካሽ አሮጌ መኪና፣ ርካሽ ጥሬ ዕቃ እና ለግለሰብ ሠሪ በሩን ገርበብ አድርጎ የተወ ሕግ አንድ ላይ ስለተገጣጠሙ ነው።

ላሜራ በአንድ አቅጣጫ ለማጠፍ አያስቸግርም። እንደ ስፖርት መኪና ፓራፋንጎ በሁለት አቅጣጫ የሚጎብጥ ቅርጽ ለማውጣት ግን ወይ ውድ የፋብሪካ ፕሬስ፣ ወይ ዕድሜውን በመዶሻ ያሳለፈ ባለሙያ ያስፈልጋል። ፋይበርግላስ ከሁለቱም ገላገለ። ከቀለጠ ብርጭቆ የሚሳበውን ክር በብዛት የሚያመርተው ኦወንስ ኮርኒንግ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1938 አሜሪካ ውስጥ ተቋቋመ (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት የውጭ ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ክሩን አጣብቆ የሚያጠነክረው ፖሊስተር ሬዚን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደረሰ፤ ከጦርነቱ በኋላ ጀልባ ሠሪዎች ሁለቱን ወሰዷቸው። ከጀልባ ወደ መኪና ያለው መንገድ አጭር ነበር። ቢል ትሪት የተባለ የካሊፎርኒያ ጀልባ ሠሪ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ግላስፓር የተባለ ባለ ፋይበርግላስ ስፖርት መኪና አወጣ። ሸቭሮሌም በ1953 ኮርቬትን በዚሁ ቁስ ሠራ። የመጀመሪያው ዓመት 300 ኮርቬቶች በሚሺጋኗ ፍሊንት ከተማ ሲሠሩ ሁሉም ነጭ ነበሩ። ሸቭሮሌን የሚያህል ድርጅት ያመነበትን ቁስ ባለ ጋራዡም ከዚያ በኋላ አልፈራውም።

በእንግሊዝ ሥራውን ያስፋፋው ግብር ነው። ተገጣጥሞ የሚሸጥ መኪና ከባድ የግዢ ታክስ ሲጣልበት፣ ዕቃው ተፈታትቶ በሣጥን የሚሸጠው ከታክሱ ነፃ ነበር። የኮሊን ቻፕማን ሎተስ ድርጅት በ1957 ያወጣው ሎተስ ሰቨን የዚህ ሥርዓት ልጅ ነው፤ ገዢው ዕቃውን ተረክቦ በራሱ ጓሮ ይገጥመው ነበር። ከ1960 ወዲህ የወጣው ሰቨን አፍንጫውና ፓራፋንጎው ፋይበርግላስ ሆነ። በ1973 የተጨማሪ እሴት ታክስ የግዢ ታክሱን ሲተካ ያ ጥቅም ቀረ። በዚያው ዓመት የሰቨን የመሥሪያ መብት ወደ ኬተርሃም ተላለፈ፤ መኪናው እስከ ዛሬ ይሠራል። ታክሱ ቢቀርም በጓሮ መኪና መገጣጠም የለመደው ሰው ልማዱን አልተወም።

በአሜሪካ ደግሞ መነሻው ቮልስ ነው። ቮልስዋገን ቢትል አዲስ አበባን ለሚያውቅ ሰው ማስተዋወቂያ አያሻውም። ቦዲው በብሎን ተፈትቶ ሲነሳ ከሥሩ ሞተሩን፣ ጎማውንና መሪውን የያዘ ጠፍጣፋ ወለል ይቀራል፤ ያ ወለል ሌላ ቦዲ ለመቀበል የተዘጋጀ ያህል ነው። ጀልባ ሠሪው ብሩስ ሜየርስ በ1964 በካሊፎርኒያ ሜየርስ ማንክስ የተባለውን የአሸዋ መኪና ሠራ። የመጀመሪያዎቹ ጥቂቶች ቦዲያቸው ራሱን የቻለ ነበር፤ ቀጥሎ የመጡት ግን 36 ሴንቲ ሜትር ያህል ባጠረ የቮልስ ወለል ላይ ተጫኑ። በ1967 ሜየርስና ባልደረባው ከላ ፓዝ እስከ ቲኋና ያለውን የሜክሲኮ በረሃ በ34 ሰዓት ከ45 ደቂቃ አቋርጠው በሞተር ሳይክል ተይዞ የነበረውን ክብረ ወሰን ሰበሩ። ዝናው ግን ቀጂዎችን ጠራ። ሜየርስ ከሰሰ፤ ፍርድ ቤት ግን የፈጠራ መብቱን አልደገፈለትም። ከእጁ የወጡት 6,000 ገደማ ሲሆኑ በዓለም ዙሪያ የተሠሩት አምሳያዎች በመቶ ሺዎች ይገመታሉ። ለሜየርስ ያሳዝናል፣ ነገር ግን ፋይበርግላስ መቅዳትን ምን ያህል ቀላል እንዳደረገው ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም፤ ከአንድ ቦዲ ላይ ቅርጹን የወሰደ ሰው በሳምንታት ውስጥ ሁለተኛውን ያወጣል።

ከሁሉ በላይ የተቀዳው ግን ኮብራ ነው። ካሮል ሼልቢ በ1962 የእንግሊዙን ኤሲ ድርጅት ቀላል ስፖርት መኪና ከፎርድ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ጋር አጋጠመው። የተሠሩት አንድ ሺህ ያህል ብቻ ስለሆኑ ዛሬ እውነተኛው በሚሊዮን ዶላር ይጠራል። የእውነተኛው ቆዳ አሉሚኒየም ነው፤ በጎዳና የሚታየው ኮብራ ከሞላ ጎደል ሁሉ ግን ፋይበርግላስ ነው። በ1995 በማሳቹሴትስ የተመሠረተው ፋክተሪ ፋይቭ ሬሲንግ አሮጌ ፎርድ ሙስታንግ ገዝቶ ለፈታ ሰው ቀሪውን በሣጥን ይልካል። አፍሪካም ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደለችም። ሱፐርፎርማንስ በሚል ስም አሜሪካ ውስጥ የሚሸጡት ኮብራዎች ቀድሞ ፖርት ኤልዛቤት ትባል በነበረችው የደቡብ አፍሪካ ከተማ በሃይ ቴክ አውቶሞቲቭ የተሠሩ ናቸው።

መልክ መቅዳት የሕግ ጥያቄ ማስነሳቱ አይቀርም። “ማያሚ ቫይስ” በተባለው የቴሌቪዥን ፊልም የመጀመሪያ ዓመታት የታየው ጥቁር ፌራሪ ዴይቶና በኮርቬት ላይ የተጫነ ፋይበርግላስ ነበር። ፌራሪ ድርጅት ተቆጥቶ ከሰሰ፤ መኪናው በፊልሙ ውስጥ እንዲወድም ተደርጎ በእውነተኛ ቴስታሮሳ ተተካ። በ1991 ደግሞ የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በቴነሲ የፌራሪን መልክ በፋይበርግላስ እየቀዳ ይሸጥ በነበረ ሠሪ ላይ ፈረደ፤ ፌራሪ መልኩ ራሱ እንደ ንግድ ምልክት ይጠበቅለታል ተባለ። የግለሰብ ሠሪ ጉዳይ ከዚህ ይለያል። ለራሱ አንድ መኪና የሠራ ሰው በየግዛቱ ሕግ መሠረት አስመርምሮ ታርጋ ያወጣል፤ ካሊፎርኒያ በየዓመቱ ለመጀመሪያዎቹ 500 አመልካቾች የጭስ ምርመራው ቀለል እንዲል ፈቅዳለች። በ2015 የወጣው የፌዴራል ሕግ ደግሞ አነስተኛ አምራች ቢያንስ 25 ዓመት የሞላውን መኪና የሚመስሉ እስከ 325 ሪፕሊካዎችን ሙሉ በሙሉ ሠርቶ በዓመት እንዲሸጥ ፈቀደ፤ ማስፈጸሚያ ደንቡን ለማውጣት ግን እስከ 2021 ጊዜ ወሰደ። እንግሊዝም እንዲህ ያለውን መኪና አንድ በአንድ መርምራ ታሳልፋለች።

ወደ ሥራው ሲመጣ ቦዲው በቀጥታ አይሠራም። በቅድሚያ ከእንጨት፣ ከፎምና ከስቱኮ ሙሉ ልኩን የያዘ ሞዴል ይቆማል። በብርጭቆ ወረቀት እየተሞረደ መስታወት እስኪመስል ይለሰልሳል፤ በሞዴሉ ላይ የቀረች ጭረት በሚወጣው ቦዲ ሁሉ ላይ ትታተማለችና እዚህ ላይ የሰነፈ ሰው ኋላ አሥር እጥፍ ይለፋል። ሞዴሉ ደጋግሞ በሰም ከተወለወለ በኋላ በላዩ የፋይበርግላስ ቅርጽ ማውጫ ይጣልበታል። ማውጫው ከሚወጣው ቦዲ ሦስት እጥፍ ያህል ወፍራም መሆን አለበት፤ ቅርጹ ወደ ውስጥ በሚታጠፍበት ቦታ ደግሞ በብሎን የሚያያዙ ሁለትና ሦስት ክፍሎች ይደረጋል፤ አለበለዚያ የገባው አይወጣም።

ከማውጫው ቦዲ ሲወጣ ሥራው ከውጭ ወደ ውስጥ ነው። አስቀድሞ ጄልኮት የተባለው ውጫዊ ሽፋን ከግማሽ ሚሊ ሜትር ብዙም ሳይርቅ ይቀባል፤ መኪናው ሲያልቅ ለዓይን የሚታየው ይህ ነው። ጣት ሲነካው የሚያጣብቅ ግን የማይላቀቅ ሲሆን ከብርጭቆ ክር የተሠራው ምንጣፍ በሬዚን እየራሰ ይነጠፋል። ምንጣፉ በካሬ ሜትር 300 ወይም 450 ግራም የሚመዝን ሲሆን ከራሱ ክብደት ሁለት እጥፍ ወይም ትንሽ የሚበልጥ ሬዚን ይጠጣል። ሦስት ድርብ ያህል ሲነጠፍ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። የባለሙያው እጅ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው፤ በብረት ሮለር እየዳመጠ አየሩን ያስወጣል፣ ትርፍ ሬዚኑን ይገፋል። ሬዚን የበዛበት ቦዲ ጠንካራ ይመስላል እንጂ ይሰነጠቃል፤ ጥንካሬው ከክሩ ነው። ለኮፈን ማጠፊያና ለበር የሚሆኑ ብረቶች በድርቦቹ መካከል ይቀበራሉ። ቦዲው ከማውጫው ቶሎ ከወጣ ይጣመማል፤ ለጥቂት ቀናት እዚያው መቆየት አለበት።

ሬዚኑ የሚጠነክረው ከክብደቱ ከ1 እስከ 2 በመቶ በሚጨመር ሃርድነር ሲሆን፣ ፍጥነቱን የሚወስነው ሙቀት ነው። መመሪያዎቹ የሚጻፉት 20 ዲግሪ ያህል ሙቀት ላለው ክፍል ነው፤ እዚያ ከሩብ ሰዓት እስከ ሃያ ደቂቃ የሥራ ጊዜ ይገኛል። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ያ ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል ቢባል ብዙም ስሕተት አይደለም። ቆላዎቹ ሽንፋና መተማ በሚያዝያ ከ40 ዲግሪ በላይ ይሆናሉ። እዚያ በቀትር ባልዲ ሙሉ ሬዚን የበጠበጠ ሰው ሮለሩን ሳያነሳ ድንጋይ ይታቀፋል፤ በአንድ ዕቃ የተከማቸው ሬዚን ራሱን እያጋለ ሊጨስ፣ ሊቀጣጠልም ይችላል። መፍትሔው ሃርድነሩን እንዳሻ መቀነስ አይደለም፤ ከ1 በመቶ በታች ከወረደ ሬዚኑ ጨርሶ ላይጠነክር ይችላል። ሌሊት ወይም ጎህ ሲቀድ መሥራት፣ ጥቂት በጥቂት መበጥበጥ፣ ለሙቀት አገር የተዘጋጀ ዘገምተኛ ሃርድነር መፈለግ ይሻላል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ጠላቱ እርጥበት ነው፤ እርጥበት የያዘ ምንጣፍ ሬዚኑን በወጉ ስለማይጠጣ ድርቡ ነጣ ብሎ ይደክማል። ሬዚኑ ሳይበላሽ የሚቆይበት ጊዜ በቀዝቃዛ መጋዘን ወራት ቢሆንም በቆላ ቆርቆሮ ቤት በእጅጉ ያጥራል።

አደጋውም ሊቃለል አይገባም። ከሬዚኑ የሚወጣው የስታይሪን ጭስ ራስ ያዞራል፣ እሳትም ይይዛል። ሃርድነሩ ዓይን ሊያሳውር ይችላል። ሬዚኑን ከሚያፋጥነው የኮባልት ፈሳሽ ጋር በቀጥታ ከተገናኘ ደግሞ ይፈነዳል፤ ሁለቱ በአንድ ዕቃ ፈጽሞ አይገናኙም። ሲሞረድ የሚበንነው የብርጭቆ አቧራ ለሳንባ መጥፎ ነው።

ቦዲው ሻንሲ ላይ ሲቀመጥ የላሜራ ሰው የማይጠብቀው ነገር ይገጥመዋል። ፋይበርግላስ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። በላሜራ መኪና ቦዲው ራሱ የባትሪው ኔጋቲቭ መመለሻ ስለሆነ አንድ ሽቦ ይበቃል፤ እዚህ ግን ለእያንዳንዱ መብራት መመለሻ ሽቦ መዘርጋት ያስፈልጋል። አይዝግም፣ ቀላል ነው፤ ሲጋጭ ግን አይጨማደድም፣ ይሰበራል። ስለዚህ የተሳፋሪው ደኅንነት የሚያርፈው በሥሩ ባለው የብረት ቱቦ ሻንሲ ላይ ነው፤ ብየዳው የቦዲውን ማማር የሚያህል ትኩረት ካላገኘ መኪናው ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

በኢትዮጵያ ዋናው መሰናክል የእጅ ሙያ አይደለም፤ ቅጥቅጥ የሚያወጣ ጋራዥ ሻንሲ መበየድ አያቅተውም። መሰናክሉ አሮጌ መኪናው ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ፤ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል። ቅርጹ ግን ለነዳጅ ሞተር ብቻ የተፈጠረ አይደለም፤ ሜየርስ ማንክስ ራሱ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2022 በኤሌክትሪክ የሚሄድ አዲስ ሞዴል ይፋ አድርጓል። ለመሞከር የሚያስብ የጎንደር ወይም የመተማ ባለ ጋራዥ ሙሉ መኪና ከማሰቡ በፊት የአንድ አይሱዙ ፓራፋንጎ በፋይበርግላስ ያውጣ፤ ሬዚኑን በሚዛን ይመዝን፤ ሊብሬና ቦሎ የሚሰጠውን መሥሪያ ቤትም ብየዳ ሳይጀምር ይጠይቅ።