የዶጋሊ ሐውልትና የአርሶ አደሩ ስም

በጥር ወር 1879 ዓ.ም. ራስ አሉላ ምጽዋ አጠገብ በዶጋሊ 500 ያህል ወታደሮች ያሉትን የጣሊያን ጦር ድል አደረጉ። ጣሊያን በዚያው ዓመት ከግብጽ የመጣ የዳግማዊ ራምሴስን የድንጋይ ሐውልት ሮም ላይ አቁማ የሟቾቿን ስም ጻፈችበት። በ1929 ዓ.ም. ከለገሃር የተዘረፈው የይሁዳ አንበሳ በሐውልቱ ሥር ተተከለ፤ ከዓመታት በኋላም ወደ ቦታው ተመለሰ። ሐውልቱ ዛሬም ከሮም ባቡር ጣቢያ አጠገብ ተጠብቆ ቆሟል። ማረሻውን አስቀምጦ ከራስ አሉላ ጋር የዘመተው ገበሬ ስም ግን በዚያ ድንጋይ ላይ የለም።

ውድ አባላት፣ ማኅበር ያለ መዝገብ እንደማይቆም እናውቃለን። ስለሆነም አዛውንቶቻችን ሳያልፉብን የዘማች አባቶችን ስም በየቀበሌያችን እንመዝግብ። በአካባቢያችን ያሉ የጦር ሜዳ መታሰቢያ ድንጋዮችም ለካብና ለቤት መሠረት እንዳይወሰዱ፣ ከወረዳው አስተዳደር ጋር ሆነን እንጠብቃቸው።