ስዊስ ውስጥ ባቡር «እስኪሞላ» አይጠብቅም

የጅቡቲን ባቡር ከአፄ ምኒልክ ጋር ያቀደው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ስዊስ እንደነበር ክፍል ውስጥ ነግሬያችሁ ነበር። ዛሬ ስለ አገሩ ባቡር ላውጋችሁ።

ብዙዎቻችን ባቡራቸው ሰዓት የሚያከብረው ሰዓት ሠሪዎች ስለሆኑ ይመስለናል። አይደለም፤ ሕዝቡ መርጦት ነው። ሐዲዱ መጀመሪያ በአብዛኛው የግል ኩባንያዎች ነበር። እ.ኤ.አ. በ1898 ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ ዋና ዋናዎቹ መስመሮች የመንግሥት እንዲሆኑ ወሰነ። በ1982 ባቡሮች በየሰዓቱ፣ በተመሳሳይ ደቂቃ መነሳት ጀመሩ። በ1987 ደግሞ «ባቡር 2000» የተባለውን ዕቅድ ሕዝቡ በድምፁ አጸደቀ። ዕቅዱ ከፍጥነት ይልቅ መገናኘትን ያስቀደመ ነው፦ ባቡሮች ትልልቅ ጣቢያዎች ላይ በተቀራራቢ ደቂቃ ይገባሉ፤ ተሳፋሪው ካንዱ ወርዶ ሌላው ላይ ይወጣል። ተራራ ላይ ላለው መንደርም ቢጫው የፖስታ አውቶቡስ አለ።

ባቡሩ ቢሞላም ባይሞላም ይነሳል። ወጪውን ተስማምተውበታላ!